ለዓይን የሰፋ መንገድ

እኔ ቱግ ባይ ነኝ፤ ይሄን ከአሁኑ ተናግሬ ልገላገል። እናቴ «ክብሪቷ» ነው የምትለኝ። ጫር ካደረጉኝ እነዳለሁ፣ ወዲያው ደግሞ ጥፍት እላለሁ። ስለዚህ በዚያች ዓርብ አባቴ ላይ ስጮህ ሰፈሩ ቢሰማ አይገርምም። የሚገርመው በኋላ ዝም ማለቴ ነው።

ሥራችን ሞዴል መሥራት ነው። ገና ያልተገነባ ሕንፃ፣ ገና ያልተቆረቆረ ሰፈር፣ ከኮምፔንሳቶና ከካርቶን አሳንሰን ጠረጴዛ ላይ እናቆማለን። ዛፎቻችን አረንጓዴ የተቀባ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ናቸው። አባቴን ሰፈርተኛው ሁሉ «ሚሊሜትር» ነው የሚለው፤ እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ሰው የቀረ አይመስለኝም። ዳቦ ሲገዛ እንኳ በጣቱ ለካ አድርጎ «የትናንቱ ይበልጥ ነበር» የሚል ሰው ነው። እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ ወረንጦ ይዤ አጠገቡ አደግኩ። ተምሬ ተመልሼም ያንኑ ወረንጦ ነው ያነሳሁት፤ ማንም አላስገደደኝም፣ ወድጄው ነው።

ማዘጋጃ ቤቱ የትራም መስመር ልዘርጋ ወይስ ይቅር ብሎ ነዋሪውን ሊጠይቅ ሲነሳ ሞዴሉን ለእኛ ሰጠን። መስመሩ ከአውቶቡስ ተራው ተነስቶ፣ በእኛው ጠባብ መንገድ አልፎ፣ ድልድዩን ተሻግሮ ሆስፒታሉ በር ላይ የሚያበቃ ነው። ቅዳሜ ጠዋት የመንገዳችን ሰው አዳራሽ ተሰብስቦ፣ ሞዴሉን አይቶ፣ እጁን ያወጣል ተባለ። እጅ ከወጣ ይሠራል። ካልወጣ ግን መስመሩ በሌላ ሰፈር ይዞራል፣ ሆስፒታል ድረስ መሄዱም ይቀራል።

ለእኔ ይሄ ክርክር አልነበረም። እናቴ ኩላሊቷ ደክሞ በየሁለት ቀኑ እጥበት ትሄዳለች። ስትሄድ ደህና ናት፤ የታክሲ ረዳቶቹ ላይ እየቀለደች ነው የምትሳፈረው። ጉዱ ስትመለስ ነው። ሰልፍ አለ፣ ግፊያ አለ፣ መሃል ላይ ወርዶ ሌላ ታክሲ መያዝ አለ፣ እግሯ ደግሞ አይሸከማትም። አንድ ቀን ድልድዩ ጋ የሰው ሱቅ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ አገኘኋት።

«እማዬ፣ ምን ሆነሽ?» ብላት፣

«መኪና ሲያልፍ እያየሁ ነዋ! ሲኒማ ነው እኮ፣ ነይ ቁጭ በይ» አለችኝ። ፊቷ አመድ መስሏል። እየሳቅኩላት ወደ ቤት ወሰድኳት፣ ከዚያ ጓሮ ገብቼ እንደ ሕፃን ልጅ አለቀስኩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ ይሄ ትራም አይቀርም አልኩ።

ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ግን ለተቃውሞ የተፈጠረ ሰው ነው። መብራት ሲጠፋ ይቃወማል፣ ሲመጣም «አሁን ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ይቃወማል። ስለ ትራሙ በተነሳ ቁጥር ምላጩን እያወናጨፈ፣ «በደጄ ባቡር ባለፈ ቁጥር እጄ እየተንቀጠቀጠ የሰው ጆሮ ይዤ ልቅር ነው?» ይላል። ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ደንበኛ ጆሮውን ይሸፍናል።

ዓርብ ዕለት ረፋዱ ላይ ሞዴሉ አለቀ። የቀረችው ትራሟ ብቻ ነበረች። ሁለት ፉርጎ አድርጌ ከጣውላ ቀርጬ፣ በብርጭቆ ወረቀት አልስልሼ፣ ቀይ ቀብቻታለሁ። ሲደርቅ ሀዲዱ ላይ አስቀመጥኳትና በጣቴ ገፋ አደረግኳት። ከአውቶቡስ ተራው ተነሳች፣ በመንገዳችን ገባች፣ በግራም በቀኝም ሰው የሚያስኬድ ቦታ ተርፏት ሽው ብላ አለፈች! ድልድዩን ተሻገረች፣ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆመች። «እሰይ!» ብዬ አጨበጨብኩ። አባቴ ጥግ ላይ ዛፍ እየተከለ ነበር፤ ቀና ብሎም አላየኝም።

በዚያው ቅጽበት ውጭ ጡሩንባ ተነፋ። የውሃ መኪናው መጥቶ ነው። የምንሠራው የቤታችን የፊት ክፍል ውስጥ ስለሆነ መንገዱ ወለል ብሎ ይታየናል። አያቴ ቤቱን ሲሠራ መንገዱ ገና መንገድ አልነበረም፤ ሌሎቹ ቤቶች በኋላ ነው ተሰልፈው የተሠሩት። ስለዚህ ከሰልፉ ሁሉ የእኛ የፊት ክፍል ብቻ ሆዷን ገፍታ ወደ መንገዱ ወጥታለች። በሦስት በኩል መስኮት ነው፤ ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ አትለያትም። ለሥራችን ከዚህ የተሻለ ክፍል በከተማው ውስጥ የለም፣ ይሄንን ለማንም እምላለሁ። የውሃ መኪናው ሹፌር ግን እኛ ጋ ሲደርስ እንደ ወትሮው መስታወቱን አጥፎ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ቀስ እያለ ነበር የሚያልፈው። መንገደኛው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይጠብቀዋል።

ዓይኔን ከመኪናው ወደ ሞዴሉ፣ ከሞዴሉ ወደ መኪናው አመላለስኩ። የውሃ መኪና የጨነቀው መንገድ ትራም እንዴት ነው እየተዝናና የሚያልፈው?

እዚህ ላይ የሙያችንን አንድ ልማድ መናገር አለብኝ። ሞዴል ሠሪ ጎዳናን በልኩ አይሠራም። በልኩ ከተሠራ ከላይ ሆኖ ለሚያየው ሰው ስንጥቅ ነው የሚመስለው፤ ዓይን አይገባበትም። ስለዚህ ትንሽ እናሰፋዋለን። «ለዓይን መተው» ነው የምንለው። ዕድሜ ልካችንን ቤት ለሚሸጡ ድርጅቶች ስንሠራ ገዢው መንገዱ ሰፍቶ ሲያይ ደስ ይለዋል፣ ሻጩም ደስ ይለዋል፣ ማንም አይጎዳም። ያ ልማድ ነው እዚህ ገብቶ ጉድ የሠራን ብዬ አሰብኩ። ሜትር ይዤ ወጣሁ፣ መንገዱን ከግድግዳ ግድግዳ ለካሁ።

«ክብሪቷ! ደግሞ መንገዱን ልትሸጪው ነው?» አለኝ ፀጉር አስተካካዩ ከደጁ ሆኖ።

«እርስዎን ጨምሬ ነው የምሸጠው፣ ጋሼ» ብዬው ገባሁ። ሞዴሉ ላይ ያለውን መንገዳችንን ለካሁ። ከዚያ የቀሩትን መንገዶች። ከዚያ የእኛን እንደገና።

ሌሎቹ መንገዶች ሁሉ እንደ ልማዳችን ለዓይን ያህል ነው የሰፉት። የእኛ መንገድ ግን ከሁሉም አብልጦ ሰፍቷል። የፊት ለፊቱ የቤት ረድፍ እንዳለ ወደ ኋላ ተገፍቷል። ትራም የእኛን ክፍል ሳይነካ እንደልቡ እስኪያልፍ ድረስ። ይሄ ልማድ አይደለም። ሚሊሜትር እንዲህ ያለ ነገር ሳያስብ አያደርግም።

«አባባ!»

«አቤት።»

«ይሄ መንገድ ምን ሆኖ ነው የሰፋው?»

«ለዓይን ነዋ» አለ፣ ዛፉን እያሽከረከረ።

«የማን ዓይን ነው ይሄን ያህል የሚያክለው?»

ዛፉን አስቀመጠ፣ መነጽሩን አወለቀ፣ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገ። ይሄንን ሲያደርግ ነገር እንዳለ አውቃለሁ፤ መነጽሩ ከእኛ ሁሉ ይልቅ ንጹህ ነው።

«የማዘጋጃ ቤቷ ኢንጂነር እዚህ መጥታ ነግራኛለች» አለኝ በመጨረሻ። «አንቺ ካርቶን ልትገዢ በወጣሽበት ቀን። ልጅቷ ጨዋ ናት፣ አልደበቀችኝም፤ እዚሁ ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ነው የነገረችኝ። በመንገዱ ላይ የሚነካው ቤት የእኛ ብቻ ነው። ይቺ ክፍል ትቆረጣለች።»

ደሜ ፈላ። ያኔ ነው ሰፈሩ የሰማኝ። ምን ያላልኩት አለ! አንተ ሚሊሜትር የምትባል ሰው፣ ሰው ሁሉ ያንተን እጅ አምኖ እጁን ሊያወጣ፣ ውሸት ልታሳየው ነው ወይ አልኩት። ቡልዶዘሩ ሲመጣስ ምን ልትለው ነው፣ «ለዓይን ነው» ልትለው ነው ወይ አልኩት። አባቴ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

«እናትሽ በትራም ተቀምጣ እንድትሄድ ፈለግኩ» አለ። «ይቺ ክፍል ደግሞ ላንቺ እንድትቀርልሽ ፈለግኩ። ሌላ የማወርስሽ ነገር የለኝም እኮ። ሁለቱንም ፈለግኩ፣ ልጄ።»

ደግሞስ ምን ልለው ነው? እኔም እኮ ሁለቱንም ነው የምፈልገው። የምሠራበትን ጠረጴዛ፣ ክርኔ ያረፈበትን ቦታ ሁሉ አየሁት። ሞዴሉን እንዳለ ብተወውስ ማን ያውቃል? እጅ ይወጣል፣ ትራም ይመጣል፣ የመጣው ይምጣ። ይህን አሰብኩ፤ ለምን እዋሻለሁ፣ ከልቤ አሰብኩት።

በሩ ተከፈተ። ፀጉር አስተካካዩ ከእጥበት የምትመለሰውን እናቴን በክንዱ ደግፎ፣ ቦርሳዋን በትከሻው አንጠልጥሎ ገባ። የአንገት ፎጣው እንኳ ገና ትከሻው ላይ ነው፤ ደንበኛውን ግማሽ ላጭቶ ትቶት ነው የመጣው።

«ማዕዘኑ ላይ ግድግዳ ይዛ ቆማ ነበር» አለ። «ምን ታዩኛላችሁ? ወንበር አምጡ እንጂ!»

እናቴ መስኮቱ ሥር ያለው የሁልጊዜ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ዓይኗን ጨፍና ፀሐዩን ፊቷ ላይ ተቀበለችው። «ምን ሆናችሁ ነው፣ ድምፃችሁ እታች ድረስ ይሰማል» አለች፣ መልሱን ሳትጠብቅ እንቅልፍ ወሰዳት። እግሮቿ አብጠው ጫማዋ ላይ ፈስሰዋል።

አባቴ ብዙ አያት። ከዚያ ተነሳና ቀጭኑን ምላጭ አነሳ። የፊት ለፊቱን የቤት ረድፍ ከሥሩ ገብቶ፣ አንዲት ጣራ ሳያነቃንቅ፣ እንዳለ ላጥ አድርጎ አወጣው። ለክቶ ወደ ትክክለኛው ቦታው አስጠግቶ አጣበቀው። መንገዱ ጠበበ፤ ውጭ ያለውን ራሱን መሰለ። ትራሟን አንስቶ ሀዲዱ ላይ አስቀመጠና በጣቱ ገፋት። ትንሿ የእኛ ክፍል ጋ ስትደርስ ቀጭ ብላ ቆመች።

ትንሿን መጋዝ አቀበልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

«ተደብቄ ነው ያሰፋሁት» አለኝ፣ እናቴ እንዳትነቃ በሹክሹክታ። «ተደብቄ አልቆርጠውም። ነገ ሰው ፊት ነው።»

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ሰው ሞዴሉን ከቦ የሚያየው ትራሙን አይደለም፤ የየራሱን ቤት ነው። «የኔ ጣራ እንዲህ ዝጓል እንዴ?» ይላል አንዱ። ሌላዋ የልብስ ማስጫ ገመዷን ፈልጋ ስታገኘው ጮኸች። ኢንጂነሯ ስለ መስመሩ አጭር ነገር ተናግራ ሳትጨርስ አባቴ እጁን አወጣ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየው፤ ሚሊሜትር በሕዝብ ፊት ተናግሮ አያውቅም።

«ይሄንን መንገድ እስከ ትናንት ድረስ አስፍቼው ነበር» አለ። «ትራሙ ቤቴን ሳይነካ የሚያልፍ አስመስዬ። ልጄ ናት የደረሰችብኝ። አሁን በልኩ ነው። ተመልከቱ።»

ትራሟን ገፋት፣ ቀጭ ብላ ቆመች። ጉርምርምታ ተነሳ። ኢንጂነሯ ደንግጣ ፊቷ ቀላ፤ እሷ ልኩን አውቃ ተናግራለች፣ ሞዴሉ እንደተናገረችው ነው ብላ ነው ያመነችን። በእውነት አሳዘነችኝ።

አባቴ መጋዙን ከኪሱ አወጣ። መጋዙ ግን ጣራው ላይ ተንሸራተተ። ያ ፀጉር የሚሰነጥቅ እጅ! ጎኑ ቆምኩና እጄን እጁ ላይ አደረግኩ፤ አብረን ቆረጥነው። እኔ ራሴ መስኮቶቹን ያስገባሁላት፣ የክብሪት ቀፎ የምታክል ክፍል፣ ከነትንሿ አግዳሚ ወንበሯ መዳፉ ላይ ወደቀች። እንባዬን አልከለከልኩትም፤ ምን አሳፍሮኝ? ለክፍሌ ነው ያለቀስኩት።

«አያችሁ!» ብሎ ፀጉር አስተካካዩ ከኋላ ተነሳ። «ዛሬ የሚሊሜትር ነው፣ ነገ የማን ነው? ለእሱ ያልራራ ትራም ለእኛ ሊራራ ነው?»

ብዙ ራስ ተነቀነቀ። እውነቱን ተናግረን፣ ቤታችንን በገዛ እጃችን ቆርጠን፣ ትራሙም ሊቀር ነው! ቱግ ልል አፌን ስከፍት እናቴ ቀሚሴን ያዘችኝ። ስለ ክፍሉ ጠዋት ነግረናት ነበር፤ «እ» ብቻ ነበር ያለችው። አሁን ተነስታ ሞዴሉን እየተደገፈች ወደ አባቴ መጣች፣ የተቆረጠችውን ክፍል ከመዳፉ ላይ አነሳች።

«አንቺ ልጅ» አለቻት ኢንጂነሯን። «ይሄ ባቡራችሁ እኛ መንገድ ላይ የት ነው የሚቆመው?»

«እማማ፣ ቦታው ገና አልተወሰነም። ምሰሶና ምልክት ይቆማል።»

«ምሰሶ! ምሰሶ ላይ ልቀመጥ ነው?» ሰው ሳቀ። እናቴ ግን ክፍሏን በሁለት ጣቷ እንደያዘች መንገዱን እያየች ሄደች፤ መንገዱ ትንሽ ሰፋ የሚልበት፣ ፀጉር ቤቱ ጎን ሲደርስ ቆመች። ክፍሏን እዚያ አስቀመጠቻት፣ መስኮቶቿን ወደ ሀዲዱ አዙራ። «እዚህ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። ፀሐይ አለ፣ መስኮት አለ፣ ወንበር አለ። ቤቴ እኮ ነው፤ ተቆረጠ እንጂ አልጠፋም።»

«በእኔ በር ላይ?!» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«አዎ፣ ባንተ በር ላይ። ትናንት ማዕዘኑ ላይ ድረስ መጥተህ ነው ያነሳኸኝ። ከእንግዲህ በመስኮትህ ታየኛለህ።»

ሰውየው ወደ ሞዴሉ መጥቶ አጎንብሶ ትንሿን ክፍል ከራሱ በር ጋር አስተያየ።

«እኔ አሁንም እቃወማለሁ» አለ። «ከተሠራ ግን ከደጄ ትንሽ ፈቀቅ ይበል። ሚሊሜትር ደግሞ ጠረጴዛውን እኔ መስኮት ሥር ያምጣ፣ የእኔም ክፍል ፀሐይ አለው። ክብሪቷን ግን አልችላትም።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ኢንጂነሯ ሳቋን አፍና አጠገቤ መጣች፣ የፌርማታው መጠለያ በዚህ መልክ እንዲሠራ ዛሬውኑ አቀርበዋለሁ፣ መስኮቶቹንም ከእናንተው ቤት እንውሰዳቸው አለችኝ። ከዚያ ዞራ ሰዉን ጠየቀች። አንድ እጅ ወጣ፣ ሌላ ወጣ፣ ከዚያ መቁጠር አያስፈልግም ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ክንዱን አጣምሮ ቆመ፤ በኋላ ጆሮውን ሊያክ እጁን ቢያነሳ ሰዉ ሁሉ አጨበጨበለት፣ ተናዶ ወጣ።

እኔ ትራሟን ከአውቶቡስ ተራው አስነሳኋት። በመንገዳችን ገባች፣ በተቆረጠው ግድግዳችን ሥር ሳትነካ አለፈች። ፀጉር ቤቱ ጎን ስትደርስ ጣቴን አነሳሁ። እናቴ ወንበር አስመጥታ ተቀምጣ ታያለች፣ ፊቷ ላይ የሆነ ብርሃን አለ። አባቴ መነጽሩን ሳይጠርግ አደረገ፣ አጎነበሰ፣ ትንሿን ክፍል በጥፍሩ ከፀጉር ቤቱ በር ትንሽ ፈቀቅ አደረጋት። ቀጥ ማለቷን በአንድ ዓይኑ አየ። ከዚያ ቀና ሳይል እጁን ወደኔ ዘረጋ።

«ሙጫ አምጪ» አለኝ።